ቅዳሜ ማታ ከአማቴ ጋር የምናየው ፊልም ጠቁሙኝ

ሰፊው ከሽሮ ሜዳ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ማብራሪያው ግን ስለሚረዝም ታገሡኝ።

አማቴ ከጎጃም ለዓይን ሕክምና መጥተው እኛ ዘንድ ከርመዋል። ቅዳሜ ማታ ሱቄን ዘግቼ ስገባ ባለቤቴ ቡና ታፈላለች፣ እኔ ስልኬን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኛለሁ፣ ከዚያ ሦስታችን ተደርድረን ፊልም እናያለን። ችግሩ ሦስታችንም በምንም የማንገናኝ ሰዎች መሆናችን ነው። ባለቤቴ ታሪኩ ትንሽ ከተጓተተ ትራስ ታቅፋ ለጥ ትላለች። አማቴ ከሥር የሚጻፈውን ትርጉም ማንበብ አይሆንላቸውም፤ ስለዚህ ቋንቋው አማርኛ መሆን አለበት። በዚያ ላይ ተዋናዮቹ ገና መቀራረብ ሲጀምሩ «ኧረ በስመ አብ!» ብለው ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ይጥላሉ፤ እኔ ደግሞ ያልጠፋ ሪሞት ፍለጋ ሶፋ ሥር እገባለሁ።

ስለ ራሴ ልንገራችሁ፤ የባህል ልብስ ሰፊ ነኝ። ሌላው ሰው ፊልም ሲያይ ፊት ያያል፤ የእኔ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ልብስ ላይ ነው። ልብሱ ካልጣመኝ ታሪኩም አይጥመኝም። ባለፈው ሰሞን ባየነው፣ ስሙን በማላነሣው ፊልም ውስጥ ለቅሶ ቤት ታየ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ያለቅሳሉ፤ ነጠላቸው ግን ጥለቱ ወደ ታች ወርዶ ለሰርግ እንደሚለበሰው ተንዠርግጓል። ለሐዘን ነጠላ ተዘቅዝቆ፣ ጥለቱ ወደ አንገት ወጥቶ እንደሚለበስ የማያውቅ ማን አለ? ይባስ ብሎ ነጠላው ሁሉ አዲስ ነበር፤ ሱቅ ውስጥ የታጠፈበት መስመር እንኳን ገና አልጠፋም። አማቴ አተኩረው አዩና «እነዚህስ የመጡት ለምሳ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ የሚስት መሞት ማንን ያሳዝናል?

ወደ ደግ ደጉ ልምጣ። በቅርቡ ካየኋቸው ሁሉ የማስቀድመው ሞገስ ታፈሰ ያዘጋጀውን «ቁራኛዬ»ን ነው። ጎበዜ የሚባል ወጣት ከባለጠጋው ከጎንጤ ሚስት ጋር ይወዳደዳል። ባልየው ይደርስባቸዋል። እዚያው ሊገድለው ይችል ነበር፤ የአገሩ ሥርዓት ግን አይፈቅድለትም፤ ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት እስኪቆሙ ድረስ አብረው መጓዝ አለባቸው። እንግዲህ አስቡት፤ ሚስትህን ከወሰደብህ ሰው ጋር ረጅም መንገድ በእግር ትሄዳለህ። እሱ ሲደክመው አንተም ትቀመጣለህ፤ እሱ ውኃ ሲጠማው አንተም ወንዝ ትወርዳለህ።

እኔን የያዘኝ የቋጠሮው ነገር ነው። ድሮ ሁለቱ ባለጉዳዮች የነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ እንደሚሄዱ አያቶቻችን ሲያወሩ ሰምተናል። በሥራዬ ስንቱን ነጠላ ጠቅሜአለሁ። በእጅ የተፈተለ ነጠላ ስስ ነው፤ ሁለት የተናደዱ ሰዎች ግራና ቀኝ ቢጎትቱት ልክ ከጥለቱ አጠገብ ድሩ ይላቀቅና ይተረተራል። ቋጠሮውንም ቢሆን በጥርስ መፍታት ይቻላል። ስለዚህ ሁለት ጠላቶችን አስተሳስሮ ተራራ የሚያሻግረው ጨርቁ አይደለም፤ በጥሶ የሸሸ ሰው በደሉን በገዛ አፉ እንዳመነ ይቆጠርበት ስለነበር ነው። ፊልሙን የወደድሁት ይህን ነገር በእግር መንገድ ስላሳየኝ ነው። ትንሽ ቢያጥር ግን አልጠላም ነበር። ባለቤቴ እስከ መጨረሻው ነቅታ አየችው፤ አማቴ ደግሞ ከመጀመሪያው ከባልየው ጋር ወግነው እስከ መጨረሻው አልለቀቁም።

የያሬድ ዘለቀን «ላምብ»ንም አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው ይባልለታል። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ልጅ ነው። አባቱ ዘመድ ቤት ትቶት እንጀራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ልጁ ከበጉ በቀር ወዳጅ የለውም፤ አጎቱ ደግሞ በጉን ለበዓል ሊያርደው አስቧል። ኤፍሬም ምግብ መሥራት ስለሚችል ሳምቡሳ እየጠበሰ ገበያ ላይ ይሸጣል፤ አጎቱ ወንድ ልጅ ወጥ ቤት መግባቱ ያናድደዋል። አማቴ እዚህ ላይ ተቆጡ፤ «ሙያ ያለው ልጅ ማንን ጎዳ? ይልቅ አጎትየው ሙያው ምንድን ነው?» አሉ። ባለቤቴ ተራራው ሲበዛባት ተኝታለች።

ታዲያ እናንተ በቅርቡ ምን አያችሁ? ምን ወደዳችሁ፣ ምን አናደዳችሁ? ለቅዳሜያችን የሚሆን፣ አማርኛ የሚናገር፣ የማያስተኛና ነጠላ ዓይን ላይ የማያስጥል ፊልም ካለ ወዲህ በሉት።


ፒያሳ ያደግሁ

ልጄ ሰፊው፣ እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል። ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር ደጅ ተሰልፌ ነው ያደግሁት። ስልክ ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ ማየትን ፊልም ማየት ብዬ ለመጥራት አፌ አይታዘዝልኝም፤ ቢሆንም ዘመኑ ነው። በምኒልክ ጊዜ ሲኒማ የተባለውን ነገር ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ነበር፤ ዛሬ ሰይጣኑ ኪሳችን ገብቷል።

የአንተን የልብስ ነገር ወድጄዋለሁ። ሰሞኑን የልጅ ልጄ ኮምፒውተሩ ላይ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ከፈተልኝ። ኃይሌ ገሪማ የንጉሡ ዙፋን በሚናወጥበት በ1966 ዓ.ም. አገር ቤት ገብቶ የቀረጸው ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ልብስ ካልህ እሱን እይ። ገበሬ ሆነው የሚሠሩት ገበሬዎች ናቸው። ትከሻቸው ላይ ያለውን ጨርቅ ስታይ መቼ እንደተጣፈ፣ ማን እንደጣፈው የምታውቅ ይመስልሃል። ከባድ ነገር የተሸከመ ሰው እንዴት እንደሚሄድ ማንም አላስተማራቸውም። ከበበ የሚባል እብድ የተባለ ሰው አለ፤ መሬቱን የተነጠቀ ነው፤ በመንደሩ ውስጥ እውነቱን የሚናገረው እሱ ብቻ ነው። ሆኖም አማትህን በዚህ አትጀምራቸው። ሁለት ሰዓት ተኩል በበሬ እርምጃ የሚሄድ ፊልም ነው፤ ባለቤትህ ከትራሱም አልፋ ብርድ ልብስ ታመጣለች።

የእኔ ጥቆማ የዚያው ሰው «ጤዛ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት አገኘ፤ በዓመቱ ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካ ፊልሞች ፌስቲቫል የሆነውን የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ወሰደ። አንበርብር የሚባል ጀርመን አገር የተማረ ሐኪም፣ እግሩን አጥቶ፣ አእምሮው ቆስሎ ጣና አጠገብ ወዳለው የእናቱ መንደር ይመለሳል። ወታደሮች ወጣቱን ለጦርነት ያድናሉ፤ ልጆቹ ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል። የተማረው ልጃቸው ግን ለማንም መድኃኒት የለውም። እናቱን ተመልከታቸው። ልጃቸው ሌሊት ሲባንን ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ያም ሆኖ ከአጠገቡ አይጠፉም። አማትህ ይህቺን እናት ካላወቋት እኔ ፒያሳን አላውቅም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የጀርመኑ ክፍል ላይ ሌላ ቋንቋ ይቀላቀላል፤ የወጣቶች ፍቅርም አለ። ትርጉሙን አንተ ጮክ ብለህ አንብብላቸው፤ ሌላው ሲመጣ ሪሞትህን ፈልግ።


መምህርት ከደሴ

ሰላም ወንድማችን። እኔ ታሪክ አስተምራለሁ። የለቅሶ ቤቱን ነገር ሳነብ ብቻዬን ሣቅሁ፤ የሥራ ባልደረቦቼ ዞረው አዩኝ።

ለቅዳሜያችሁ «ድፍረት»ን ልጠቁም። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ በሰንዳንስና በበርሊን የፊልም ፌስቲቫሎች ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘ ፊልም ነው። አማርኛ ነው፤ አይጓተትም። ሂሩት የ14 ዓመት ልጅ ናት፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ይጠልፏታል። ልታመልጥ ስትሞክር የጠለፋትን ሰው በራሱ ጠመንጃ ትገድለዋለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የፍርድ ነገር ነው፤ በአንድ በኩል የአገር ሽማግሌዎች፣ በሌላ በኩል ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ፣ በመካከል ሜሮን ጌትነት የምትጫወተው ጠበቃ። ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ናት፤ በእውነትም የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ፣ በኋላም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆነችው።

ተማሪዎቼ ይህን ፊልም ካዩ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ «ያኔ ጠለፋ ወንጀል አልነበረም እንዴ?» ይላሉ። ወንጀል ነበር። ነገር ግን የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበትን በር ክፍት ትቶለት ነበር። ስለዚህ ጠላፊው ከዳኛ ይልቅ ሽማግሌ ይፈልጋል፤ ሽማግሌ ካስማማ ፋይሉ ይዘጋል። ያ በር የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው። ፊልሙ ላይ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው የሚመክሩበትን ቦታ በደንብ ተመልከቱት። አዘጋጁ ሽማግሌዎቹን ጨካኝ አላደረጋቸውም፤ በየተራቸው፣ በወጉ፣ በምሳሌ እያዋዙ ይናገራሉ። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

አማትዎ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ይጥሉ ይሆናል፤ በዚህኛው ግን የሚጥሉት በመሳሳም አይደለም። የጠለፋው ክፍል ላይ ቢዘጋጁ ይሻላል።


ሪሾን ያለሁ እህታችሁ

ከሪሾን ሌጽዮን ሰላም ብያለሁ። አረጋውያን ቤት ነው የምሠራው፤ ሌሊት ሌሊት ሲተኙ ፊልም አያለሁ።

ባለፈው ወር «ፊግ ትሪ» የሚባለውን አየሁ። አዘጋጇ ዓለምወርቅ ዳቪድያን እንደ እኔ አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ እስራኤል የመጣች ናት። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ቢሆንም እኔ ገና አሁን ነው ድፍረቱን ያገኘሁት። ዘመኑ የደርግ መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ሚና የምትባል የ16 ዓመት ቤተ እስራኤላዊት ከአያቷ ጋር ወደ እስራኤል ለመሄድ ቀን ትጠብቃለች። የምትወደው ልጅ ኤሊ ግን ክርስቲያን ነው፤ ከአፈሳ ለማምለጥ የሾላ ዛፍ ላይ ይደበቃል። ልጅቷ ቤተሰቧ ወደ ሰላም ሲሄድ ልጁን ለጦርነት ትታ መሄድ አቅቷታል። ታሪኩ ይኸው ነው።

አፈሳ ምን እንደነበር የማያውቅ ወጣት እዚህ ካለ ልንገረው፤ ወጣቱን በግድ እየያዙ ለጦርነት መውሰድ ነበር። ታላቅ ወንድሜን ኮርኒስ ውስጥ ደብቀነው ነበር። እናቴ ምግብ የምታቀብለው ጠረጴዛ ላይ ወንበር ደርባ ነበር፤ ወንበሩ እዚያው ከተረሳ የሚገባ ሰው ይጠረጥራል ብላ ባቀበለችው ቁጥር ታወርደዋለች። እኔ ደግሞ ሥራዬ በር ላይ ቁጭ ብዬ ገመድ መዝለል ነበር። እንግዳ ሰው ሲመጣ ዝላዩን አቆማለሁ፤ የገመዱ ድምፅ ሲቆም ወንድሜ አይንቀሳቀስም። ፊልሙ ላይ የሠፈሩ ልጆች ሲሮጡ ሳይ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። የመጨረሻውን ክፍል ሁለት ጊዜ አቁሜ ነው የጨረስሁት።

አማርኛው የእኛው አማርኛ ነው፤ የጎረቤት አማርኛ፣ የግቢ አማርኛ። አማትህ አንድ ሁለት ቦታ ላይ «በስመ አብ» ማለታቸው አይቀርም።

ያናደደኝን ከጠየቅህ፣ ቤተ እስራኤላውያንን በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የማውጣቱን ዘመቻ የሚያሳየው የ2019ኙ የአሜሪካ ፊልም ነው፤ «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት»። ሱዳን ተብሎ የታየው ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ነው፤ እሱስ ይሁን። የእኛ ሰዎች ግን ያን ሁሉ ምድር በእግራቸው አቋርጠው፣ ልጅና ወላጅ በመንገድ ቀብረው የመጡት፣ ፊልሙ ውስጥ ከመኪና ወርደው ጀልባ ላይ ይጫናሉ፤ አለቀ። ቆንጆው ፈረንጅ ስፖርት ሲሠራ የታየበትን ያህል እንኳን አልታዩም። ከዚህ ይልቅ ራዱ ሚሃይሌያኑ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራውን ፊልም እዩ፤ ርእሱ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» እንደ ማለት ነው። ክርስቲያን እናት ልጇን ከስደተኛ ጣቢያ ለማትረፍ ከቤተ እስራኤል ጋር ሄዶ ይሁዲ ነኝ እንዲል ታደርገዋለች። ልጁ ሲያድግ እውነቱን ለእናቱ የሚጽፈው በቄስ አምሐራ እጅ ነው። ቄሱን የሚጫወቱት ሽማግሌ የእኛን አባቶች ስለሚመስሉ ብቻ ፊልሙን ደግሜ አይቼዋለሁ። ትርጉም የሚነበብበት ስለሆነ ለቅዳሜው አይሆንም፤ ለብቻህ እየው።


ሣቅ ይሻላል

እናንተ ሰዎች ምን ነካችሁ? ሰውየው ለቅዳሜ ማታ ነው ያለው። ጠለፋ፣ አፈሳ፣ የተቆረጠ እግር! አማትየው እኮ ሕክምና ላይ ናቸው። «የወንዶች ጉዳይ»ን ክፈትላቸውና ሥቃችሁ ተኙ።


ሲልቨር ስፕሪንግ ማታ ማታ

እኔ የምሠራው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መኪና ስለማይበዛ በዚያች በመስታወት ሣጥን ውስጥ ሆኜ ያላየሁት የአማርኛ ፊልም የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በሰፊው ሐሳብ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ።

ልብሱ ይቅር፤ ድምፁስ? የጆሮ ማዳመጫ አድርገው ይዩት። ሁለት ፍቅረኞች ቦሌ መንገድ ዳር ቆመው ሲነጋገሩ አንድ ሚኒባስ አይሰማም፤ ረዳቱ «መገናኛ! መገናኛ!» አይልም። ከዚያ ካሜራው ወደ ልጅቷ ሲዞር በድንገት ነፋስ ማይክሮፎኑን ይገርፈዋል፤ ወደ ልጁ ሲመለስ ነፋሱ ጸጥ! እሷ ያለችበት ከተማ እሱ ካለበት የተለየ ነው ማለት ነው። ይህንን ሁሉ ለመሸፈን ፒያኖ ይለቀቅበታል። አንድ ጊዜ ፒያኖው ሲበዛብኝ ተዋናዩ ምን እንዳለ ለመስማት ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መለስሁት፤ ያለው ነገር «እሺ» ነበር። ልብስ ቢሳሳት ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጣለሁ፤ ድምፅ ሲበላሽ መሸሻ የለኝም።

ድምፅ ማለት ምን እንደሆነ ያሳየኝ «ፋያ ዳዪ» ነው፤ የጄሲካ በሽር፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ። ሐረር አካባቢ ስላለው የጫት ሕይወት የሚያሳይ ጥቁርና ነጭ ዘጋቢ ፊልም ነው፤ አዘጋጇ እዚያው ሐረር ያደገች ናት፤ ለመቅረጽ ወደ አሥር ዓመት ገደማ ፈጅቶባታል። ቅጠሉ ሲለቀም፣ ሲታሰር፣ ሲጫን እጆች ብቻ የሚታዩበት ረጅም ቦታ አለ፤ ማንም አያወራም፤ ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ብቻ ይሰማል። ጫት ሳይደርቅ መድረስ ስላለበት ሁሉም ሰው ይሮጣል፤ ፊልሙ ግን አይቸኩልም። ስንት ዓይነት ሥራ ሠርቻለሁ፤ የሥራ ድካምን እንዲህ ያሳየ ፊልም አላየሁም። ለአማትህ ግን አይሆንም፤ አብዛኛው ኦሮምኛ ነው፤ ባለቤትህም በአምስተኛው ደቂቃ ትተኛለች። እኔ ራሴ መጀመሪያ ሳየው አንቀላፍቼ አንድ ደንበኛ ጡሩንባ እየነፋ ቀሰቀሰኝ።

ፒያሳ ያደጉት አባት፣ እዚህ ዋሽንግተን ጆርጂያ ጎዳና ላይ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ኃይሌ ገሪማና ባለቤቱ የከፈቱት «ሳንኮፋ» የሚባል መጻሕፍት ቤት አለ። «ሳንኮፋ» የተባለውን የ1993ቱን ፊልም የሚያከፋፍል ሲያጡ ራሳቸው አዳራሽ እየተከራዩ ነበር ያሳዩት። ከ28 ዓመት በኋላ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። እኔ ቡና እዚያ ነው የምጠጣው።


ፒያሳ ያደግሁ

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለኸው ልጅ፣ ስለ ድምፁ እውነት ብለሃል። በእኛ ጊዜ የህንድ ፊልም ስናይ ቋንቋውን አንሰማም፤ አዳራሹ ግን በሙሉ ያለቅስ ነበር። የዛሬው በገዛ ቋንቋችን ነው፤ አይሰማም።

«ሣቅ ይሻላል» ላልከው፦ የታመመ ሰው ማልቀስ አያምረውም ያለህ ማን ነው?


ሰፊው ከሽሮ ሜዳ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለኸው ወንድሜ፣ የድምፁን ነገር ልቀበልህ፤ ነገር ግን ልብሱን አልለቅም። ድምፅ አንሺው ቢሳሳት ድሃ ስለሆነ ነው፤ መሣሪያው ውድ ነው። ነጠላ መዘቅዘቅ ምን ያስከፍላል? አንዲት ጎረቤት መጠየቅ ብቻ ነው።

ቅዳሜ የመምህርቷን ምክር ተከትለን «ድፍረት»ን አየን። ባለቤቴ አልተኛችም፤ ቡናው ሦስተኛው ላይ ሳይደርስ ቀዘቀዘ። ጠለፋው ላይ አማቴ ነጠላቸውን አልጣሉም፤ ጨብጠው ያዙት እንጂ። ሽማግሌዎቹ ሲመክሩ ግን ከቴሌቪዥኑ ጋር ክርክር ገጠሙ። «እሱ ደግሞ የእነ እገሌ አጎት ነው የሚመስለው፤ እንዲህ አድርጎ ነው ከዘራውን የሚያስደግፈው» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ተመልከት፤ ይህ ሁሉ ወንድ ሲናገር ልጅቷን ማን ጠየቃት?» አሉኝ፤ እኔ ያስቀመጥኋቸው ይመስል። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ለባለቤቴ የነገሯትን ለእኔ አልነገሩኝም፤ በር ዘግተው ረጅም ሰዓት አወሩ። በማግሥቱ ባለቤቴን ብጠይቃት «የአክስቴ ታሪክ ነው» ብላ ዝም አለች፤ እኔም አልገፋሁም።

ለሚቀጥለው «ጤዛ»ን ይዘናል፤ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ስለሆነ ለሁለት ከፍለን ነው የምናየው። አማቴ «ድፍረት ያለበት ሌላ የለም ወይ?» ብለዋል። «የወንዶች ጉዳይ»ም ተሞክሯል፤ ባለቤቴ ሣቀች፤ አማቴ ተኙ።

የሪሾኗ እህታችን፣ የገመዱን ነገር ለአማቴ ነገርኋቸው። ወንድምሽ ደህና ወጣ ወይ? ብለህ ጠይቅልኝ አሉ።


ሪሾን ያለሁ እህታችሁ

ወጣ፤ ተመስገን። አሁን አሽዶድ ነው፤ አውቶቡስ ይነዳል። ፊልሙን አብረን እንየው ብለው «ኮርኒስ ያለበት ፊልም አላይም» አለኝ። ኮርኒስ የለበትም፣ ዛፍ ነው ብዬ እያግባባሁት ነው። እናትህን ሰላም በልልኝ፤ አማትህን ማለቴ ነው።


መምህርት ከደሴ

ስላያችሁት ደስ ብሎኛል። አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ነው። ተማሪዎቼ ለዓመቱ መዝጊያ የድሮ ሙግት የሚያሳይ ትዕይንት እያዘጋጁ ነው፤ ሁለት ተሟጋቾች በላ ልበልሃ እየተባባሉ ዳኛ ፊት ይቆማሉ። «ቁራኛዬ»ን ካሳየኋቸው በኋላ የመጣባቸው ሐሳብ ነው፤ በስልክ ሊቀርጹትም ነው። ልብሱን እንዴት እናድርገው? ገንዘብ የለንም።


ሰፊው ከሽሮ ሜዳ

መምህርት፣ ገንዘብ አያስፈልግዎትም። አዲስ ኩታ እንዳይገዙ። ከተማሪዎቹ አያቶች አሮጌ ኩታና ጋቢ ይለምኑ፤ ያረጀ ልብስ በሰው ላይ ይተኛል፣ አዲሱ ግን ቆሞ ይቀራል። አዲስ ካልሆነ አልተገኘም ካሉ ደግሞ ሁለት ጊዜ ታጥቦ፣ ሳይተኮስ፣ ልጆቹ አንድ ሌሊት ለብሰውት ይደሩ።

ተሟጋቾቹ ኩታቸውን ትከሻ ላይ አጣፍተው እንዳይገቡ፤ ዳኛ ፊት የሚቀርብ ሰው ያደገድጋል። ሸማውን ከደረት ዝቅ አድርገው ወገባቸው ላይ ይሰሩት፤ እጃቸው ነጻ ይወጣል፣ ሲሟገቱም ለመወራጨት ያመቻቸዋል። ዳኛው ብቻ እንደ ተጎናጸፈ ይቀመጥ። ያን ጊዜ ማንም ሳይናገር ማን ከማን በላይ እንደሆነ ይታያል። የሚቆራኙ ከሆነ ቋጠሮውን ጥለቱ ላይ እንዳያደርጉት፤ ከጥለቱ አንድ ስንዝር ገባ ብሎ ይቋጠር፤ አለዚያ የሰው አያት ኩታ ይቀደዳል። ቀረጻው ነፋስ ሜዳ ላይ እንዳይሆን ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወንድማችን እንዳይሰማ በሹክሹክታ እነግርዎታለሁ።

የተለመነው ልብስ ላይ የየባለቤቱን ስም በክር ምልክት ያድርጉበት፤ ነጭ ጋቢ ከነጭ ጋቢ አይለይም።